የተጋደመው ጥርስ

የ2013 ዓ.ም. ብርድ በስቶክሆልም ዳር ላለችው ለቮርቢ ጎርድ ክፉ ነበር። ከኅዳር እስከ መጋቢት ከአንድ ሕንጻ ብቻ አምስት ሰው ኮሮና ይዞት በአምቡላንስ ተወሰደ፤ አንዱም አልተመለሰም። ጀናዛ የሚያጥቡት ሰዎች ከራስ እስከ እግር ፕላስቲክ ለብሰው ይገቡ ነበር። ለቀብር ሃያ ሰው ተፈቀደ፤ ለሌላው ጉባኤ ሁሉ ስምንት። ጠዋት በቀዩ መስመር ባቡር የሚሳፈሩት የሚያጸዱ፣ የሚያበስሉ፣ ሽማግሌ የሚያገላብጡ ሰዎች ነበሩ። ሌላው ቤቱ ተቀምጦ ይሠራል። ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች።

ሐኪም ቤቶች ወዲያው ለማይሞት ሰው ጊዜ አልነበራቸውም። ሊቆይ የሚችል ሕመም ሁሉ እንዲቆይ ደብዳቤ ተላከ። ከእነዚያ ደብዳቤዎች አንዱ ለሙፈሪሃት ሰዒድ ደረሰ። በታኅሣሥ ሊነቀል ቀጠሮ የተያዘለት የግራ መንጋጋዋ የመጨረሻ ጥርስ፣ ወደፊት ለሚነገር ቀን ተላለፈ። ሙፈሪሃት ደብዳቤውን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ለማንም አልተናገረችም። በቀኝ በኩል ብቻ ማኘክ ጀመረች። ማታ ማታ በሞቀ ውኃ ጨው በጥብጣ ትጉመጠመጣለች። ሲብስባት ቅርንፉድ ትነክሳለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። በአንድ የአዛውንቶች መኖሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች። ሠርጓ ለሚያዝያ ተቆርጧል፤ የጥርሷን ነገር ካነሳች ሠርጉ እንዳይተላለፍ ፈራች።

ቅዳሜ ሚያዝያ ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ አብዱልጀባር ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጡ ይወጡ ነበር። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የባቡር ፉርጎ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ነጭ ኮፍያቸው በራሳቸው፣ ማስካቸው በአገጫቸው ላይ ነው። የሙፈሪሃት አባት ከሞተ ቆይቷል። አገር ቤት፣ ሐይቅ ከተማ ያለው ወንድሟ በስልክ፣ ምስክር እየሰማ፣ ኒካሗን እንዲያስሩላት ጋሽ አብዱልጀባርን ወክሏቸዋል። እሳቸውን ይሁኑ ያለችው ራሷ ሙፈሪሃት ናት። ለምን እንደመረጠቻቸው አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

በሩን የከፈተችው አብራት የምትኖረው ሚስኪ ናት። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ጋሼ፣ አትናገርም!»

«ማን?»

«ሙፈሪሃት ናታ! ከሌሊት ጀምሮ አፏ አልከፈት ብሏል። የማንኪያ እጀታ እንኳን አላሳልፍ አለ። ውኃ ሳይቀር በጎን በጎን ነው የሚፈሳት።»

ሙፈሪሃት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አረንጓዴውን የኒካህ ቀሚስ ለብሳ ጨርሳለች። ሻሿን በአገጯ ሥር አዙራ እስከ አፍንጫዋ ጠምጥማዋለች። የሚታየው ዐይኗ ብቻ ነው፤ ዐይኗም ትኩሳት አለበት።

«እስቲ አፍሽን ክፈቺ፣ ልጄ።»

በአፍንጫዋ ተነፈሰች። ከሻሹ ሥር ማቃሰት እንጂ ቃል አልወጣም።

ጋሽ አብዱልጀባር ቀዘቀዙ። ሐይቅ ላይ ታናሽ ወንድማቸው ሚስማር ረግጦ በስድስተኛው ቀን አፉ ተዘጋ፤ በዘጠነኛው ሞተ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። እናታቸው በጥርሱ መሐል ወተት ለማንጠባጠብ ስትታገል አይተዋል። እንዲህ ያለውን አፍ ያውቁታል፤ ስሙንም ያውቁታል።

«ሚስማር ረግጠሻል? ቆርቆሮ ቆርጦሻል?»

በአውራ ጣቷ ላይ ፕላስተር ነበር። ሐሙስ ዕለት ወጥ ቤት የቲማቲም ጣሳ ቆርጧታል። ጋሽ አብዱልጀባር ፕላስተሩን አዩና ሌላ ነገር ማየት ተዉ። ሙፈሪሃት ራሷን ግራና ቀኝ በኃይል ወዘወዘች፤ በጣቷ ግራ ጉንጯን ጠቆመች። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ስልክ እየደወሉ ነበር።

ስዊድንኛቸው ለፉርጎ የሚበቃ ነው። የድንገተኛ ስልክ ያነሳችው ሴት ሁለት ጥያቄ ጠይቃ አስተርጓሚ አስገባች። ረጋ ያለ፣ የወለጋ ቅላጼ ያለው የጎልማሳ ድምፅ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ። ገመዳ እባላለሁ፤ ቶልክ ነኝ። የሰማሁትን ሁሉ አስተረጉማለሁ። ከራሴ አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

«ቶሎ በል፣ ወንድሜ። መንጋጋ ቆልፍ ይዟታል በላት።»

ገመዳ ከማስተርጎሙ በፊት ጠየቀ።

«መንጋጋ ቆልፍ ነው ያሉኝ?»

«ቆልፍ! አፏ ተቆልፏል! ቆርቆሮ ቆርጧታል! ወንድሜን የገደለው እሱ ነው። በዐይኔ አይቻለሁ!»

ገመዳ መንጋጋ ቆልፍን በስዊድንኛ ያለበትን ቃል ጋሽ አብዱልጀባር ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም፤ ስቴልክራምፕ የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ጥያቄዋን አፈጠነች።

አምቡላንሱ በሩብ ሰዓት ደረሰ። ቢጫ የለበሱ ሁለት ሰዎች ሙፈሪሃትን በወንበር አድርገው ደረጃውን አወረዷት። ጋሽ አብዱልጀባር ሊከተሉ እግራቸውን ሲያነሱ አንዱ መዳፉን ዘርግቶ አስቆማቸው። በዚያ ብርድ ሕመምተኛ ለብቻው ነበር የሚሄደው። በሩ ሲዘጋ ሙፈሪሃት ግራ ጉንጯን ይዛ በመስኮቱ ታያቸው ነበር። አሁንም ራሷን እየወዘወዘች ነበር።

ለኒካሑ የተያዘው ክፍል በሕንጻው ምድር ቤት የነዋሪዎች መሰብሰቢያ ነው። ስምንት ወንበር ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቆ ተደርድሯል። ሼህ ሱሀይል መጥተዋል፤ ሁለቱ ምስክሮች መጥተዋል። ሙሽራው አብዱልሀፊዝ ከሁሉም ቀድሞ መጥቷል። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አርባ ዓመቱ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። ዜናውን ሲሰማ የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ቆመ። ወዴት እንደሚሄድ አላወቀም፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ከአዲስ አበባ ለዚሁ ኒካህ የመጡት አጎቱ ሐጂ ሙዝደሊፋ ደግሞ ከመስኮት መስኮት ይመላለሳሉ። የኮሮና ምርመራ ወረቀታቸውን በአራት አጥፈው በእጃቸው ይዘዋል።

«መንጋጋ ቆልፍ በስዊድን!» ይላሉ። «እኛ አገር እንኳን በክትባት ያጠፋነውን እዚህ አገኘነው!»

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል የጋሽ አብዱልጀባር ስልክ ጮኸ። ቶሎ ቶሎ የምትናገር ነርስ ናት። ከእሷ ቀጥሎ የታወቀው ድምፅ መጣ።

«ያው ገመዳ ነኝ፣ አባቴ። መንጋጋ ቆልፍ አይደለም ይላሉ።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ጥርስ ነው።»

«ጥርስ?»

«ቪስዶምስታንድ ይሉታል። ቃል በቃል የጥበብ ጥርስ ማለት ነው። ሰው ከጎለመሰ በኋላ ከሁሉም ጥርስ በስተኋላ የሚበቅለው።»

«ዐረቦቹ የዐቅል ጥርስ ይሉታል» አሉ ጋሽ አብዱልጀባር። «እንዴት ያለ ዐቅል ነው በሠርግ ቀን አፍ የሚዘጋው?»

ገመዳ ይህንንም አስተረጎመ። ነርሷ ስትስቅ ተሰማ። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረች፤ እሱም ዐረፍ እያለ አቀበላቸው። ጥርሱ ቀጥ ብሎ አልበቀለም። ድዱ ውስጥ አግድም ተጋድሟል። ግንባሩን በፊተኛው መንጋጋ ጥርስ ላይ ደግፎ ይገፋዋል። ከላዩ የድድ ቁራጭ እንደ ክዳን ሸፍኖታል። ከክዳኑ ሥር ምግብ እየገባ ቆሽሾ መግል ይዟል። የመንጋጋዋ ጡንቻ ታስሮ አፏ የተዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። መግሉ ወደ አንገቷ መውረድ ጀምሯል።

«ቀድማ ስለምን አልነገረቻቸውም?»

«ወረቀት ሰጥተዋት ጽፋለች ይላሉ። ግን በእኛ ፊደል ነው የጻፈችው። ነርሷ ወረቀቱን የላዩን ወደ ታች ገልብጣ ይዛው እንደነበር አሁን ገና ገባኝ እያለች ነው። እኔ በስልክ ላይ ነኝ፤ ወረቀት አላይ። እነሱም የእርስዎን ቃል ይዘው መጀመሪያ ያን አደገኛውን ሲፈትሹ ቆዩ። ትኩሳቱ አደናግሯት ነበር። ኋላ የስዊድንኛው ቃል መጣላት። ታንድ ብላ ጻፈች። ጥርስ።»

«የጠፋው ጊዜ ስንት ነው?»

ገመዳ ጠየቀ። ነርሷ አጭር ነገር መለሰች።

«ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ማወቅ ስላልቻሉ አይወቀሱም ይላሉ። ዐሥር ሰዓት ላይ አስተኝተው ይነቅሉታል፤ መግሉንም ያወጣሉ። ለነገ ቢያድር ግን መተንፈሻዋን ያሰጋ ነበር።»

ጋሽ አብዱልጀባር ስልኩን ዘጉ። ሁለት ሰዓት። ልጅቷ ራሷን እየወዘወዘች፣ ጉንጯን እየጠቆመች፣ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው። ይህን ለማንም አልተናገሩም። የነርሷን ቃል ብቻ ለተሰበሰበው ነገሩ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ ሙዝደሊፋ። «እንግዲያው እስከ ዐሥር ሰዓት ጊዜ አለን። ከመተኛቷ በፊት ኒካሑን እንሰር!»

«አፏ ተዘግቶ?» አለ አብዱልሀፊዝ።

«በስልክ ምስሏ ይታይ የለ? ራሷን ትነቅንቅ። ምን ችግር አለው?» ወረቀታቸውን አነሱ። «ይህ ወረቀት ዕድሜው ሰባ ሁለት ሰዓት ነው። ነገ ማታ ካልበረርኩ ይሞታል። ለዚህች ወረቀት ሦስት ጊዜ ተመርምሬአለሁ። የአፍንጫዬ ቀዳዳ እንደ ጋራዥ በር ሰፍቷል! ማክሰኞ ረመዷን ይገባል። እናትህ ‹በዐይንህ አይተህ ንገረኝ› ብላ ነው የላከችኝ። ምን አየሁ ልበላት? የተዘጋ አፍ?»

ወደ ሼሁ ዞሩ።

«ዝምታዋ ፈቃዷ ነው፤ ኪታቡ እንዲህ አይልም?»

ሼህ ሱሀይል በዕድሜ ከሁለቱም ሽማግሌዎች ያንሳሉ። ኪታባቸውን ገለጡ።

«እሱ ላላገባች ልጃገረድ ነው፣ ሐጂ። ሙፈሪሃት አግብታ የፈታች ናት። እንዲህ ያለችው በአንደበቷ መናገር አለባት።» ቀጠሉ፤ «ግን ሕመም አንደበቱን የያዘበት ሰው ግልጽ ምልክት ካሳየ ይበቃል። ምልክቱ ግልጽ ነው የሚለው ወኪሏ ነው። ጋሽ አብዱልጀባር አየሁ፣ ፈቅዳለች ካሉ እኔ አስራለሁ። የለም ካሉ አላስርም።»

ሁሉም ጋሽ አብዱልጀባርን አዩ።

ጋሽ አብዱልጀባር ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ እንዲህ ታይተዋል። ይህ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከስዊድን ለዕረፍት ሐይቅ ገብተው ነበር። የሙፈሪሃት አባት ሰዒድ የልጅነት ወዳጃቸው ነው፤ በዚያ ሳምንት ልጁን ለአንድ ነጋዴ ይድራል። የውጭ አገር እንግዳ ክብር ነውና ምስክር ሁን አላቸው። ከአንድ ጆሮው ከደከመ ሽማግሌ ጋር ወደ ሙሽራይቱ ክፍል ገቡ። ልጅቷ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በሻሽ ተሸፍና በሴቶች መሐል ተቀምጣለች። ፈቅደሽ አባትሽን ወክለሻል ወይ ተብላ ተጠየቀች። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ሴቶቹ እልል ለማለት ሲንጠራሩ ከሻሹ ሥር አንድ ቃል ወጣ።

«እምቢ።»

ቀስ ያለ ድምፅ ነበር። ሽማግሌው አልሰማም። ሴቶቹ አልሰሙም። ጋሽ አብዱልጀባር ሰሙ። ውጭ ድንኳኑ ተተክሏል፤ በሬው ታርዷል፤ ሰዒድ በሩ ላይ ቆሞ ፊታቸውን ያያል። ወጡና «ዝም ብላለች» አሉ። የሐይቁ ሼህም ዝምታዋ ፈቃዷ ነው ብለው አሰሩ።

ትዳሩ ስድስት ዓመት ቆየ። ጥሩ ስድስት ዓመት አልነበረም። ከተፈታች በኋላ ጂዳ ሄዳ ሰው ቤት ሠራች። ከሦስት ዓመት በፊት አሠሪዎቿ ለበጋ ስቶክሆልም ይዘዋት ሲመጡ እዚሁ ቀረች። በሁለተኛው ሳምንት ጠይቃ ጠያይቃ የጋሽ አብዱልጀባርን በር አንኳኳች። በር ላይ ሲያዩዋት ስለዚያ ቃል ልትጠይቃቸው የመጣች መሰላቸው። እሷ ግን የሐይቅ ሰው መሆናቸውን ሰምታ እንደመጣች ብቻ ተናግራ ሻይ ጠጥታ ሄደች። ከዚያ በኋላ በየዓርቡ ትመጣ ነበር። ብርዱ ሲገባ ገበያቸውን በር ላይ እያስቀመጠችላቸው ከታች ሆና እጇን ታውለበልብ ነበር። ያንን ቃል አንድም ቀን አላነሳችም። እሳቸውም አላነሱም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በሰላት መጨረሻ ከእሷ በስተቀር ማንም ሊያወርድላቸው የማይችል ዕዳ በደረታቸው ይዘው ይነሳሉ።

አብዱልሀፊዝ ስልኩን አስደወለ። በስልኩ መስታወት ላይ የሙፈሪሃት ፊት መጣ። ሻሹ ላላ ብሏል። ግራ ጉንጯ አብጦ ዐይኗን ወደ ላይ ገፍቶታል። ክንዷ ላይ ቱቦ ተሰክቷል። አብዱልሀፊዝ ሲያያት ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«አብሽሪ» አላት። «ቆንጆ ነሽ።»

በአፍንጫዋ አንድ ድምፅ አወጣች። ሳቅ ይመስላል። ወዲያው አመማትና ዐይኗን ጨፈነች።

ጋሽ አብዱልጀባር ስልኩን ተቀበሉ። ሐጂ ሙዝደሊፋ በትከሻቸው በኩል ብቅ አሉ፤ ሁለት ሜትሩ ተረሳ።

«ሙፈሪሃት፣ ልጄ። አብዱልሀፊዝን ለማግባት ፈቅደሽ ወክለሽኛል?»

ራሷን ወደ ታች አወረደች።

«ይኸው! ይኸው ነቀነቀች!» አሉ ሐጂ ሙዝደሊፋ።

ሙፈሪሃት ቱቦ የሌለበትን እጇን አነሳች። መዳፏን ወደ መስታወቱ ዘረጋች፤ ቆይ እንደሚል ሰው። ቀጥላ አመልካች ጣቷን በከንፈሯ ላይ አደረገች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጥርሷ ገጥሞ፣ የአንገቷ ጅማት ተወጥሮ፣ አንድ ቃል ለማውጣት ታገለች። እንባዋ በእብጠቱ ላይ ወረደ። ቃሉ አልወጣም። እንደገና ሞከረች።

«በቃ፣ በቃ፣ አታሠቃዩዋት!» አሉ ሐጂ ሙዝደሊፋ። «ገብቶናል! ነቅንቃለች፤ አየን። ይበሉ እንጂ፣ ይናገሩ! ፈቅዳለች ይበሉ!»

ጋሽ አብዱልጀባር ስልኩን አዩ። ልጅቷ አሁንም ዐይን ዐይናቸውን ታያለች።

«አልሰማሁም» አሉ።

«ምን?»

«ራሷን ስትነቀንቅ አይቻለሁ። ቃሏን አልሰማሁም። መናገር ትፈልጋለች። እስክትናገር አልመሰክርም።»

«አንቱ ሰውዬ፣ ሼሁ ምልክት ይበቃል ብለዋል!»

«ለሼሁ ይበቃል። ለእኔ አይበቃም።»

«የጥርስ ሐኪም ነዎት ወይስ ወኪል? ሰው ከአፍሪካ ድረስ አስመጥታችሁ በአንድ የበሰበሰ ጥርስ ትመልሱኛላችሁ?»

ጋሽ አብዱልጀባር ስልኩን ወደ ፊታቸው አቀረቡ።

«እስክትናገሪ እጠብቃለሁ» አሏት። «ስንትም ቀን ይሁን።»

ሙፈሪሃት እጇን አወረደች። ትከሻዋ ወደ ትራሱ ተመለሰ። ምስሉ ተቋረጠ።

ሼህ ሱሀይል ኪታባቸውን ከደኑ። ሐጂ ሙዝደሊፋ ወንበር ስበው ጀርባቸውን ለሁሉም ሰጥተው ተቀመጡ። ጋሽ አብዱልጀባር ሙሽራውን ማየት ፈሩ።

«ጋሼ» አለ አብዱልሀፊዝ።

«ወይ።»

«መናገር እንደምትፈልግ እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

አብዱልሀፊዝ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«እንግዲያው ትናገር። ይነሱ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ እንቀመጥ።»

እንደማይገቡ ሁለቱም ያውቃሉ። ቢሆንም ሄዱ። መኪናውን ከዋናው በር ትይዩ አቁመው ተቀመጡ። ሚስኪ በፔርሙስ ሾርባ ልካ ነበር። ለማን እንደላከችው ግራ ገባቸው። ሁለቱም አልጠጡትም። ዐሥር ሰዓት ሆነ። ዐሥራ አንድ ሆነ። አብዱልሀፊዝ የሁሉንም ፎቅ መስኮት ቆጠረ። ሲጨርስ እንደገና ከታች ጀመረ።

«ከሷ ጋር የተዋወቅነው በአውቶቡሴ ነው» አለ። «ከሥራ ስትወጣ የመጨረሻዋ ፌርማታ ላይ ‹ታክ› ብላ ታመሰግነኝ ነበር። አማርኛ እንደምችል አታውቅም። አንድ ቀን ‹ምንም አይደል፣ እህቴ› ስላት ደንግጣ ካርዷን ጣለች። በማግስቱ ስትሳፈር ተቆጣችኝ። ‹ሦስት ወር ሙሉ በስልክ የማወራውን ስትሰማ ነበር?› አለችኝ።»

«ትሰማ ነበር?»

«ሁሉንም።»

ጋሽ አብዱልጀባር ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። ነርሷ ናት፤ ድምፁ ግን የገመዳ ነው።

«ተሳክቷል። ጥርሱ በአጥንቱ ውስጥ ተጋድሞ ስለነበር በአራት ከፍለው ነው ያወጡት። መግሉም ወጥቷል። ትንፋሿ ደኅና ነው። አፏ ግን ዛሬ አይከፈትም። ጡንቻው እስኪለቃት ቀን ይፈልጋል። ሰኞ ትወጣ ይሆናል።»

«በርታ፣ ወንድሜ።»

ነርሷ ከስልኩ ወጣች። ገመዳ ግን አልወጣም።

«አባቴ፣ ከሥራዬ ውጭ አንድ ነገር ልናገር? ደንቡ አይፈቅድም።»

«ተናገር።»

«ጠዋት መንጋጋ ቆልፍ ሲሉኝ፣ እኔም አክስቴን በእሱ ነው ያጣሁት። ቀኑን ሙሉ ስጸልይላት ነው የዋልኩት። በእኛ ጸሎት ነው፤ ቅር አይበልዎ።»

«ደርሷል» አሉ ጋሽ አብዱልጀባር። «ደርሷል፣ ልጄ።»

እሑድ ማታ ሐጂ ሙዝደሊፋን ወደ አየር ማረፊያ የሸኛቸው አብዱልሀፊዝ ነው። ከመግባታቸው በፊት ለጋሽ አብዱልጀባር ደወሉ።

«አንቱ ግትር ሰው ነዎት።»

«ነኝ።»

«ለእናቱ ምን እንደምላት አላውቅም።» ከኋላቸው የአየር ማረፊያው ጥሪ ይሰማል። «ሦስት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ለአንዳቸውም እንዲህ ቆሜ አላውቅም። አውፍ በሉኝ፤ ይቅር በሉኝ።»

«አውፍ ብያለሁ። እርስዎም አውፍ ይበሉኝ።»

ሰኞ የሻዕባን መጨረሻ ቀን፣ የረመዷን ዋዜማ ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፤ የሚሞቅ ፀሐይ ግን አይደለም። ከሆስፒታሉ ውጭ፣ ከብስክሌት ማቆሚያው አጠገብ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ሙፈሪሃት እዚያ ተቀመጠች። ያንኑ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ከላዩ ከሚስኪ የተዋሰችውን ካፖርት ደርባለች። ጉንጯ ቢጫና ሰማያዊ ሆኗል። ሼህ ሱሀይል፣ ሁለቱ ምስክሮችና አብዱልሀፊዝ ራቅ ብለው ቆሙ። አብዱልሀፊዝ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ በሁለት እጁ ይዟል፤ ጣቱ ቀልቷል።

ጋሽ አብዱልጀባር ብቻቸውን ቀረቡ። ማስካቸውን አወረዱ።

«አፍሽ ስንት ይከፈታል?»

ሁለት ጣቷን ገጥማ አሳየች። ከዚያም እጇን አውርዳ ተናገረች።

«ጠዋት ለክተውኛል።»

ድምፁ ወፍራም ነበር፤ ትኩስ ድንች የያዘ አፍ ይመስላል። ጋሽ አብዱልጀባር ለሁለት ቀን የጠበቁት ድምፅ ነው። ወዲያው መጠየቅ ይችሉ ነበር። አልጠየቁም።

«ከመጠየቄ በፊት የምነግርሽ አለ። በአባትሽ ቤት፣ ያን ቀን፣ እምቢ ስትይ ሰምቻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ሻሹ ስስ ነበር። ሲሰሙኝ ፊትዎን አይቻለሁ።»

ጋሽ አብዱልጀባር የወንበሩን ጠርዝ ያዙ።

«እያወቅሽ ለምን እኔን መረጥሽ? በዚህ ከተማ ስንት ሰው ሞልቷል።»

ሙፈሪሃት ምራቋን በሶፍት ጠረገች። እያንዳንዱን ቃል ለይታ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ሌላው ሁሉ ዝም ብላለች ነው የሚለው። እናቴም እንደዚያ ብላ ሞተች። አንዳንዴ እኔም ዝም ብዬ ይሆን እንዴ እላለሁ። ተናግሬ እንደነበር የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ እርስዎ ብቻ ነዎት። እስኪነግሩኝ ጠበቅኩ። በየዓርቡ ጠበቅኩ።»

«ቶሎ አልነገርኩሽም።»

«አሁን ነገሩኝ።»

ጋሽ አብዱልጀባር ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ቀጥ ብለው ቆሙና ሼሁንና ምስክሮቹን ጠሩ። አብዱልሀፊዝም መጣ፤ ማንም አልከለከለውም።

«ከኒካሑ በፊት የምመሰክረው አለኝ» አሉ። «በ1996 ዓ.ም.፣ ሐይቅ፣ በሰዒድ ቤት፣ ይህችን ልጅ ምስክር ሆኜ ጠየቅኳት። እምቢ አለች። በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ። ወጥቼ ዝም ብላለች አልኩ። ውሸት ነበር። ዝም አላለችም። የምነግራቸው አባቷና እናቷ ሞተዋል፤ ለእናንተ እመሰክራለሁ።»

ሼህ ሱሀይል ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ከምስክሮቹ አንዱ «ሱብሓነላህ» አለ። አብዱልሀፊዝ በረዶውን ወንበሩ ላይ አኖረ።

ሙፈሪሃት አንገቷን ቀና አድርጋ ታዳምጥ ነበር። ጋሽ አብዱልጀባር ወደ እሷ ዞሩ።

«ሙፈሪሃት ሰዒድ፣ አብዱልሀፊዝን ለማግባት ፈቅደሽ ወክለሽኛል?»

«እምቢ ማለት እችላለሁ?»

አብዱልሀፊዝ ቀና አለ።

«ትችያለሽ» አሉ ጋሽ አብዱልጀባር።

የሚታዘዝላት በቀኙ በኩል ያለው ከንፈሯ ብቻ ነበር። በእሱ ፈገግ አለች።

«ወክዬዎታለሁ። ወድጄ ነው። ጮክ ብዬ እንድደግመው ከፈለጋችሁ ግን ያመኛል።»

አብዱልሀፊዝ እየሳቀ ዐይኑን በእጅጌው ጠረገ። ሼህ ሱሀይል የጋሽ አብዱልጀባርን ፊት አዩ።

«ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሁለቱንም ምስክርነት ተቀብያለሁ» አሉ ሼሁ። የሙሽራውንና የሽማግሌውን እጅ አገናኝተው በቢስሚላህ ጀመሩ።